ድሬዳዋ፦ የአሮጌ ፓይፐር የጅራት ጎማ ይንቀጠቀጣል፣ ካቴናውን ባጠብቀውም ተመልሶ መጣ

ከዚራ 07
ጥቅምት 8

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ዝርዝሩን ካልነገርኳችሁ ግን ለመመለስም ይቸግራችኋል።

የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነኝ። ድሬ ተወልጄ ድሬ ያደግኩ፣ አሁንም እዚሁ የምሠራ። የተማርኩትም የሠራሁትም አፍንጫቸው ሥር ጎማ ባላቸው አውሮፕላኖች ላይ ነው። ከአንድ ወር በፊት ግን ለቅኝት ሥራ እዚህ የመጣች አሮጌ ፓይፐር ሱፐር ከብ እንድይዝ ተሰጠችኝ። አይታችኋት ለማታውቁ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ አድርጋ የምትይዝ፣ አካሏ የብረት ቱቦ ሆኖ ከላይ ጨርቅ የለበሰ፣ ከፊት ሁለት ትልልቅ ጎማ ከጅራቷ ሥር ደግሞ የእጅ ጋሪ ጎማ እንኳ የማታህል አንዲት ትንሽ ጎማ ያላት ናት። ሞዴሉ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ይቺኛዋም ብዙ አገር ያየች ናት። በጣም ወድጃታለሁ።

ችግሩ ያቺ ትንሽ ጎማ ላይ ነው። ስታርፍ ጅራቷ መሬት እንደነካ ጎማው ግራ ቀኝ መርገብገብ ይጀምራል፣ ከዚያ እየባሰ ሄዶ አውሮፕላኗን በሙሉ ያንቀጠቅጣታል። አብራሪው «ወንበሬ ሥር ጀነሬተር የተነሳ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። ፍጥነቷ ሲበርድ ይቆማል።

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ጎማውን ቀየርኩ። ኩሽኔታውን አውጥቼ አጠብኩና ግራሶ ሞላሁት። ከረደሩ፣ ማለትም አብራሪው በፔዳል ከሚያዞረው የጅራት ክፍል፣ ወደ ጎማው የሚወርዱት ሁለቱ ካቴናዎች ልል ሆነው ስላገኘኋቸው ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀለበት ቀንሼ አጠበቅኳቸው። ሁለት ጊዜ አረፈች፣ ምንም አልነበረም። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ተመለሰ፣ ያውም ብሶ። አሁን ደግሞ አብራሪው ፔዳሉ ከበደኝ ይላል።

ካቴናዎቹ ላይ ያሉት ሞላዎች ከእኔ በፊት የተቀየሩ ናቸው፣ ሁለቱም አዲስና አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ እነሱን አልነካኋቸውም።

ጥያቄዬ፣ ካቴናውን አንድ ቀለበት ልጨምርለት ወይስ ጎማውን የያዘውን ጭንቅላት በሙሉ ልፍታው? ባለቤቶቹ ሥራ ቆመብን እያሉ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ቦኮላውን (መዞሪያው የሚሽከረከርበትን ትንሽ ቱቦ) ቶርኖ ቤት አሠሪው፣ በአንድ ቀን ያልቃል» አለኝ። እኔ ፈራሁ። እዚህ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ሐረር 404
ጥቅምት 8

እህቴ ሰላም። እኔ አውሮፕላን ነክቼ አላውቅም፣ ሐረር ላይ ፔጆ ነው የምሠራው። 404 ፈትቼ ስገጥም ሃያ ዓመቴ ነው። ግን መሪ መሪ ነው ብዬ ልሞክር።

መኪና በተወሰነ ፍጥነት ላይ መሪው ሲንቀጠቀጥ ልምድ የሌለው ልጅ መጀመሪያ ጎማ ያያል። ጎማ ቀይሮ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ምክንያቱም አዲሱ ጎማ ክብ ስለሆነ ንቅናቄውን ቶሎ አይቀሰቅሰውም እንጂ ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኛ በክሪክ አንስተን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን እንወዘውዘዋለን፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ። ቀጭ ቀጭ ካለ ክፍተት አለ ማለት ነው። አንቺም ጅራቷን አንስተሽ እንደዚያ ሞክሪ። ኩሽኔታውን ካጠብሽው ክፍተቱ ጎማው ላይ ሳይሆን የሚዞርበት ፔርኖ ላይ ሊሆን ይችላል።

ቦኮላ ከሆነ የእኛም ቶርኖ ቤቶች ቆንጆ አድርገው ይሠሩታል። ባሌስትራው፣ ጎማውን የተሸከመው ባለ ቅጠል የብረት ሞላ፣ ከሆነም ከፒካፕ ባሌስትራ ላይ ተቆርጦ ልኩን ጠብቆ ይወጣል፤ ብረቱ ጥሩ ነው። እኛ በዚህ ነው የምንኖረው፣ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል።

የድሮ ሜካኒክ
ጥቅምት 9

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር፦ አውሮፕላኗን አቁሚያት። ዛሬ። ባለቤቶቹ ይቆጡ፣ ቁጣቸው ያልፋል።

የሐረሩ ወንድማችን አመረማመሩን በደንብ ተናግሯል፣ ተንበርክኮ የሠራ ሰው መሆኑ ያስታውቃል። በፒካፕ ባሌስትራ ነገር ግን አልስማማም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ልጅ ሆኜ የጀመርኩት ዲሲ 3 ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ዓይነት መሆኑ ነው። የዲሲ 3 የጅራት ጎማ መሪ የለውም። ዝም ብሎ ይሽከረከራል፤ አብራሪው መንደርደሪያው ላይ ቀጥ ካለ በኋላ በማንሻ ይቆልፈዋል። ከዚያ በኋላ እርሻ የሚረጩ አውሮፕላኖች ላይ ብዙ ዓመት ሠራሁ። አየር መንገዱ አዲስ አበባ ላይ የገጣጠማትን እሸትንም አውቃታለሁ፣ እሷም ጅራቷ ላይ ነው የምትቆመው። ያንቺዋ ግን ከእነዚህ ሁሉ ትለያለች፤ የጅራት ጎማዋ በፔዳል ይታዘዛል፣ ሲበዛበት ደግሞ መያዣውን ለቅቆ እንደ ልቡ ይዞራል። ሁለት ባሕርይ በአንዲት ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ጥገናውም ሁለት ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። ካቴናው ልል ሆኖ አገኘሁት ብለሻል። ጥሩ። ግን ለምን ላላ ብለሽ ጠየቅሽ? ካቴና ብረት ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ አይረዝምም። ካቴና የሚላላው ሁለቱ ጫፎቹ ሲቀራረቡ ነው። አንዱ ጫፍ ረደሩ ላይ ነው፣ እሱ ከቦታው አይነቃነቅም። ሌላው ጫፍ ጎማው ላይ ነው፣ ጎማው ደግሞ የተንጠለጠለው ባሌስትራው ላይ ነው። ባሌስትራው ሲደክምና ሲረግብ ጎማው ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ረደሩ ይጠጋል፣ ካቴናውም ይላላል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከካቴናው በፊት ባሌስትራውን እጠረጥር ነበር።

ባሌስትራ መርገብ ደግሞ ከመላላቱ የባሰ ነገር ያመጣል። ጎማው የሚዞርበትን ፔርኖ አስቢው፣ ኪንግፒን የምንለውን። አውሮፕላኗ ክብደቷን ይዛ ስትቆም ይህ ፔርኖ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ቢያጋድልም አናቱ በጥቂቱ ወደ ኋላ ነው መሆን ያለበት። ባሌስትራው ሲረግብ የኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳና የፔርኖው አናት ወደ ፊት ይደፋል። አናቱ ወደ ፊት የተደፋ የጅራት ጎማ ይንቀጠቀጣል። አዲስ ጎማ ብታደርጊለትም፣ አዲስ ኩሽኔታ ብታደርጊለትም ይንቀጠቀጣል። ካቴናውን ስታጠብቂው ለጥቂት ጊዜ ታፍኛለሽ እንጂ አታድኝውም። ታፍኖ የቆየው ጉልበት የሚሄደው ወደ ረደሩ ነው፤ ማጠፊያውን፣ ቀንዱን፣ ሽቦውን ይበላል። ፔዳሉ የከበደውም ለዚህ ይመስለኛል። ደግሞ አስቢ፣ ስትነሳ ጎማው ከመሬት ሲለቅ ባሌስትራው ወደ ታች ይዘረጋል፣ መሬት ላይ የተወጠረው ካቴና አየር ላይ የባሰ ይወጠራል። ረደሩ እንደ ልብ ካልዞረ አየር ላይ ያለው ሰው ምን ያደርጋል? ስለዚህ ካቴና ሁለት ጊዜ ነው የሚታየው፦ መሬት ላይ ክብደቷን ይዛ፣ ከዚያም ጅራቷ ተነስቶ ረደሩ ከዳር እስከ ዳር እየተዞረ።

የምታደርጊው ይኼ ነው። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱምቢ ፈልጊ። ወለሉን በውሃ ልክ አረጋግጪ፣ የሃንጋሩ ወለል ብዙ ጊዜ ለውሃ ተብሎ ተዳፋት ነው፣ እሱ እንዳያታልልሽ። ነዳጇን እንደተለመደው ሙያት፣ ወንበሯ ላይ ሰው አስቀምጪባት። ከዚያ ቱምቢውን ከፔርኖው ጎን አንጠልጥይና በጎን ፎቶ አንሺው።

ስለ ሞላዎቹ። አንድ ዓይነት ናቸው ያልሽው አላስደሰተኝም። የዚህ ዓይነት ጎማ የመሪ ሞላዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፣ ግን እኩል አይደሉም። አንዱ ጠንከር ይላል፣ ሌላው ለስለስ ይላል። ሆን ተብሎ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ በአንድ ምት ይወዛወዛሉ፣ እኩል ካልሆኑ አንዱ የሌላውን ምት ይሰብራል። ከአንቺ በፊት የነበረው ሰው ከሁለት ጥንድ ውስጥ ሁለት አንድ ዓይነቶቹን ወስዶ ይሆናል፣ ወይም ከሱቅ የገዛው ነው። ሌላም እዪ፦ ሞላው ሲጎተት የሚታመቅ ነው ወይስ የሚለጠጥ? የሚታመቀው ዓይነት ቢሰበር እንኳ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚቀሩ መሪው ጨርሶ አይለቅም። የሚለጠጠው ከተሰበረ ግን አለቀ፣ አንዱ ጎን ባዶ ይቀራል፣ የተንጠለጠለው ካቴናም ሌላ ነገር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የፒካፕ ባሌስትራና የቶርኖ ቤት ቦኮላ ነገር። ወንድሜ፣ እጅህን አከብራለሁ። መኪና ላይ ባሌስትራ ቢሰበር መንገድ ዳር ትቆማለህ። እዚህ ግን ያቺ ጎማ ከለቀቀች አውሮፕላኗ ራሷ ላይ ትዞራለች። የክብደቷ መሐል ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ስለሆነ አንዴ መዞር ከጀመረች መዞሩ ራሱን እያባሰ ይሄዳል፤ ክንፏ መሬት ይመታል፣ የፊት እግሯ ይታጠፋል። ከዚያ ሌላ ደግሞ ሕግ አለ። ያልጸደቀ ዕቃ ገጥማ መዝገቡ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት፣ ሲቪል አቪዬሽንም የሚጠይቀው እሷን ነው።

ከዚራ 07
ጥቅምት 9

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ለምን ላላ» የሚለውን በእውነት ራሴን አልጠየቅኩም ነበር፣ ላላ ስል አጠበቅኩ።

አውሮፕላኗ ቆማለች። ለባለቤቶቹ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። ቱምቢ ከጎረቤታችን ግንበኛ አገኛለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ጅራቷን የት ይዤ ነው የማነሳት? ጨርቁን እንዳልበሳው ፈርቻለሁ።

የድሮ ሜካኒክ
ጥቅምት 9

ከጅራቷ አጠገብ በሁለቱም ጎን የእጅ መያዣ ካላት በእሱ። ከሌላት ቱቦዎቹ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ላይ እንጂ በመሃል ቱቦ ላይ በፍጹም እንዳትሸከሚያት። የአግዳሚውን ጅራት ክንፍ ይዘሽም አታንሺ፣ ቀላል ይመስላል ግን ማሰሪያ ሽቦዎቹን ያበላሻል። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዣቸው። በርሜል ላይ ስታሳርፊያት ፍራሽ አድርጊበት፣ ጅራቷንም ወደ ታች እሰሪያት። ሞተሯ ፊት ስለሆነ ጅራቷን ከፍ ባደረግሽ ቁጥር ወደ አፍንጫዋ መደፋት ትፈልጋለች።

እዚያ እያለሽ በባትሪ የታችኛዎቹን የኋላ ቱቦዎች እዪልኝ። ውሃ ሁልጊዜ ወደ ጅራት ነው የሚወርደው፣ አሮጌ የጨርቅ አውሮፕላን ከዚያ ነው የሚዝገው። ባሌስትራው የታሰረበትን ቦታ ደግሞ ቀለሙ ላይ ቀጭን መስመር ካለ እዪ። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ያለፈው በእሱ በኩል ነው።

ሰማይ ጠገብ
ጥቅምት 10

የድሬን አየር ማረፊያ የማውቀው አብራሪ ነኝ፤ አባ ተና ደጃዝማች ይልማ ላይ ብዙ ጊዜ አርፌያለሁ። ሜካኒኩ ጋሼ የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፣ ከወንበሩ በኩል ግን አንድ ነገር አለ።

እህት፣ የሚንቀጠቀጠው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ይኼን የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። የድሬ ሜዳ ከባሕር ወለል 1,160 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቀን ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኗ 2,100 ሜትር ላይ እንዳለች ነው የምትሆነው። ያ እንግዲህ ከቦሌ ከፍታ ብዙም አይርቅም። አብራሪው የፍጥነት መለኪያው ላይ 45 ማይል አይቶ ሲያርፍ ጎማው መሬት ላይ የሚሮጠው ግን ወደ 50 ማይል ነው። ጠዋት በ20 ዲግሪ ካረፈ ልዩነቱ ያንሳል። መንቀጥቀጥ ደግሞ ፍጥነት ይወዳል። ዝቅ ባለና ቀዝቀዝ ባለ ሜዳ ላይ ተደብቆ የነበረ የደከመ ባሌስትራ እዚህ ሲመጣ ይገለጣል። ስለዚህ «በፊት ያለችበት ቦታ ደህና ነበረች» ቢሉሽ ውሸታቸውን ላይሆን ይችላል።

ሌላው፣ የጎማው መቆለፊያ ሳይታዘዝ የሚለቅ ከሆነ እባክሽ ለአብራሪው ንገሪው። እንደ ድሬ ባለ ከሰዓት በኋላ የጎን ነፋስ በሚነሳበት ቦታ ፔዳል ረግጠሽ ጎማው የማይታዘዝሽ ከሆነ ያለሽ ነገር ፍሬን ብቻ ነው፣ ፍሬኑም በአንድ ጎን ከተረገጠ ራሱ ያዞራታል።

የእነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነገር እዚህ አካባቢ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ከጅቡቲ ወደ ድሬ የሚመጣ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ መስታወቱን ሸፍኖበት ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። መንጋውን ቀድመው አይተው የሚናገሩት ዝቅ ብለው የሚበሩት ትንንሾቹ ናቸው። አውሮፕላኗን በደንብ ያዥልን።

የባቡር ቤት ልጅ
ጥቅምት 10

አቦ ደስ የሚል ውይይት ነው፣ እኔም ልግባ። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነበር፣ እኔም እዚያው ለገሃሬ ያደግኩበት ወርክሾፕ ውስጥ ብዙ ዓመት ባሌስትራ ክፍል ሠርቻለሁ። የፉርጎ ባሌስትራ ማለቴ ነው፣ አንዱን ቅጠል ሁለት ሰው የሚሸከመው።

የፒካፑን ነገር ጋሼ በሕግ በኩል መልሰውታል፣ እኔ በብረቱ በኩል ልናገር። ባሌስትራ ብረቱ ብቻ አይደለም፣ የተሰጠው እሳት ነው። መጀመሪያ በልኩ ይግላል፣ በዘይት ይጠመቃል፣ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ባነሰ ሙቀት ተግሎ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ነው መታጠፍና መመለስ የሚችለው። ሰው አምጥቶ በችቦ ቀይ እስኪሆን አግሎ በመዶሻ ሲያጎብጠው ያ ሁሉ ይጠፋል። በዓይን ሲታይ ያምራል፣ ቅስቱም ይመለሳል። ከዚያ ወይ በጥቂት ወር ውስጥ መልሶ ይረግባል፣ ወይ አንድ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰበራል። ሳያግሉ በመዶሻ መቀጥቀጥም አለ፣ እሱ ደግሞ የመዶሻው ምልክት ባረፈበት ቦታ ስንጥቅ ይጀምራል። ተቆርጦ አዲስ ቀዳዳ የተበሳ ባሌስትራም እንደዚያው ነው፣ ቀዳዳው ዳር ነው የሚሰነጠቀው።

ስንጥቅ ስትፈልጊ ቅጠሎቹን ሳትለያዪ አታገኚውም። እኛ ጋ ከአሥር ዘጠኙ የሚሰነጠቀው ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚያስረው ክላምፕ የሚሸፍነው ቦታ ላይ ነበር። በላምባ እጠቢው፣ በደንብ ጥረጊው፣ ከዚያ ኖራ ወይም ጠመኔ በውሃ በጥብጠሽ በስሱ ቀቢውና አድርቂው። ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ላምባ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። የድሮ ዘዴ ነው፣ እናንተ ጋ የተሻለ መመርመሪያ ቀለም አለ፣ ግን በዓይን ቶሎ ለማየት ይረዳል።

ሐረር 404
ጥቅምት 11

ጋሼም የባቡር ቤቱ ወንድሜም ልክ ናችሁ፣ የፒካፑን ሐሳብ አንስቻለሁ። ስንጥቅ ላይ ያልከውን እኔም አይቻለሁ፤ ክላምፕ ሥር ተሰንጥቆ ከላይ ጤነኛ የሚመስል ስንቱን አወጣሁ። ከዚራ፣ ምን አገኘሽ? እዚህ ሐረር፣ መኪና ግርግር መንገድ፣ ቁጭ ብዬ ልቤ እናንተ ጋ ነው ያለው።

ከዚራ 07
ጥቅምት 13

ይቅርታ ዘገየሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ እሷ ሥር ነበርኩ።

በመጀመሪያ ቱምቢው። ወለሉ እንደተባለው ተዳፋት ነበር፣ ሦስት ቦታ ቀይሬ ነው ልክ የሆነ ያገኘሁት። ነዳጅ ሞላን፣ አብራሪው ገባ፣ ለካሁ። የፔርኖው አናት ወደ ፊት ተደፍቷል። በዓይን ብቻ ሳይሆን በስልክ ማዘንበያ መለኪያም አየሁት፣ 5 ዲግሪ ያህል ነው። አብራሪው ሲወርድና ነዳጁ ሲቀንስ ወደ 3 ይመጣል፣ ግን ባዶዋንም ወደ ፊት ነው። ጋሼ፣ ሳያይዋት ነው ያወቋት።

ከዚያ ጅራቷን አንስቼ ባሌስትራውን አወረድኩ። ቅጠሎቹን ስለያያቸው ሁለተኛው ቅጠል ክላምፑ ሥር ተሰንጥቋል። ጠመኔ እንኳ አላስፈለገኝም፣ ጥፍሬን ያዘው። ስንጥቁ ከስፋቱ ሲሶውን አልፏል። ዳሩ ዝጎ ጠቁሯል፣ የቆየ ነው። እኔ ካቴና ሳጠብቅ እሱ እዚያ ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ካቴናዎቹን አውልቄ ጎማውን በእጄ አዞርኩት። ወደ ግራ ሲሄድ በቦታው ይዞ ቆይቶ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ወደ ቀኝ ግን ገና ሳይደርስ ይለቃል፣ ሲመለስም አንዳንዴ አይቆልፍም። ጭንቅላቱን ፈታሁት። ውስጡ ያለው ግራሶ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ሊጥ ሆኗል፤ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ የሚያውቅ ያውቀዋል። መቆለፊያው ቁልፍ በአንድ በኩል ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆኗል።

ሞላዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ የሚለጠጡ ናቸው፣ አንዱ መንጠቆ መከፈት ጀምሯል።

ቱቦዎቹ ደህና ናቸው። ይኼን ስጽፍ እጄ ቀለል አለኝ። የባሌስትራው መያዣ አካባቢም በመመርመሪያ ቀለም አየሁት፣ ምንም የለም። የረደሩ የታችኛው ማጠፊያ ቦኮላ ግን ተበልቷል።

የድሮ ሜካኒክ
ጥቅምት 13

ጥፍርሽን ያዘው ስትይ እኔም ተነስቼ ቆምኩ። ልጄ፣ ስላልተኛሽ አትዘኚ፣ ያልተኛ ሜካኒክ ጥሩ ሜካኒክ ነው። ስንጥቁን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም፣ ያገኘሽው ግን አንቺ ነሽ።

እንግዲህ ግማሽ ሥራ አትሥሪ። ባሌስትራውን አንድ ቅጠል ብቻ ሳይሆን ሙሉውን አዲስ እዘዢ፤ አዲስ ቅጠል ከደከሙ ጋር ካሰርሽው ሸክሙን ሁሉ እሱ ይወስዳል። ቡሎኖቹንም አዲስ አድርጊ፣ የወጣ ቡሎን አትመልሺ። የጭንቅላቱን ቁልፍ፣ የቁልፉን ሞላና ቁልፉ የሚገባበትን የመሪ ክንድ አብረሽ ቀይሪ። አዲስ ቁልፍ በተበላ ክንድ ላይ ብታስገቢው በወር ውስጥ እዚያው ነሽ። የመሪ ሞላዎቹን የሚታመቀውን ዓይነት፣ ጠንካራና ለስላሳ ጥንድ ሆኖ እንደመጣ። የትኛው በየት በኩል እንደሚገባ ከዕቃው ጋር የሚመጣው ወረቀት ይነግርሻል።

ግራሶውን በሚመለከት፦ በድሬ አሸዋ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ጊዜ አትጠብቂ። ግራሶ አሸዋ ይሰበስባል፣ አሸዋ የያዘ ግራሶ እንደ ሞረድ ነው። ንጹሑ እስኪወጣ ግፊው፣ ከውጭ የቀረውን በጨርቅ አጥፊው፣ ጎማውን ሙሉ ዙር አዙሪው፣ ቁልፉ በሁለቱም በኩል መግባቱን በጆሮሽ ስሚ። በየሳምንቱ ብታደርጊው አምስት ደቂቃ ነው።

ባቡር ቤት፣ ጠመኔውን ስትናገር አለቃዬን አስታወስከኝ። እሱም እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ከዚራ 07
ኅዳር 19

ዕቃው ከወር በላይ ፈጀ፣ መጣ። ባለቤቶቹን ስንጥቁን በፎቶ ካሳየኋቸው በኋላ አንድ ቀንም አልጨቀጨቁኝም።

ሁሉንም ገጥሜያለሁ፦ ባሌስትራ፣ ቡሎኖች፣ ቁልፍና ክንድ፣ የረደሩ ቦኮላ፣ እኩል ያልሆኑት ሞላዎች። ዳዶዎቹን በመመሪያው ልክ አጠበቅኩ፣ ዳዶ እንዳይፈታ የሚይዙትን ኮፒሊያዎች አስገባሁ፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከእኔ በኋላ እንዲያያቸው አደረግኩ። ከዚያ እንደገና ቱምቢ፣ ነዳጅ ሞልተን፣ አብራሪው ወንበሩ ላይ ሆኖ። አሁን አናቱ ወደ ኋላ ነው፣ 2 ዲግሪ ያህል። የቀነስኳቸውን ቀለበቶችም መለስኳቸው፤ ሁለቱም ጎን ልክ መጣ። አየር ላይ ያለች ያህል ጅራቷን አንስቼ ረደሩን አዞርኩት፣ ከዳር እስከ ዳር ያለ ምንም መያዝ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ጊዜ አረፈች። ቆሜ አየኋት። ጅራቷ መሬት ሲነካ ዝም አለች። ሰማይ ጠገብ፣ ያልከውን አስታውሼ ቀን 8 ሰዓት ላይም በሙቀቱ ሁለት ጊዜ እንዲያርፍ ለመንኩት። እሱም ዝም። አብራሪው ወርዶ «ጀነሬተሩን አጠፋሽው» አለኝ።

ሐረር 404፣ የተሰነጠቀውን ቅጠል አልጣልኩትም። ድሬ ስትመጣ ላሳይህ። ባቡር ቤት አንተም ና፣ ጠመኔውን ይዘህ።

ጋሼ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከአምስቱ ማረፊያ በኋላ ሳየው የግራው ካቴና ከቀኙ በጥቂቱ ልል ሆኖ ታየኝ፣ ግን ያየሁት ነዳጇ ተቀንሶ፣ ሰውም ሳይኖርባት ነው። ነገ ጠዋት ሞልቼ፣ ሰው አስቀምጬ ልለካና ልጻፍልዎት? እስከዚያ አልነካውም።